የድኃ ዐሥራትና የንጉሥ ዐሥራት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ቊጥር 28 እና 29፥ በየሦስተኛው ዓመት የእህሉ ዐሥራት ተለይቶ በከተማው ደጅ እንዲቀመጥ፥ ሌዋዊውና መጻተኛው፥ ድኃ አደጉና መበለቲቱም ከዚያ በልተው እንዲጠግቡ ታዟል። በደጅ ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ድኃው መንገድ ሳይደክም፥ በሹም ፊት ቆሞ ሳያፍር እንዲያገኘው ነው። አንድም ባለ እህሉ ሲወጣ ሲገባ እያየው እንዳይረሳው ነው።

በቀዳማዊ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 ደግሞ ሌላ ዐሥራት ይነገራል። እስራኤል ንጉሥ በለመኑ ጊዜ፥ ንጉሡ ከዘራቸውና ከወይናቸው ከመንጋቸውም ዐሥራት ወስዶ ለሹማምቱና ለሎሌዎቹ እንደሚሰጥ ነቢዩ አስታወቃቸው። ይህን መናገሩ ግብር ኃጢአት ነው ሲል አይደለም፤ ሸክሙን አውቀው እንዲገቡበት ነው እንጂ። መጠኑ አንድ ሲሆን የሚገባበት ጎተራ ተለየ።

በኢትዮጵያም ይኸው ስም የመንግሥት ግብር ስም ሆኖ እስከ 1960 ዓ.ም. ኖሯል፤ በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ተተካበት። እንግዲህ ባለጸጋ፦ ግብሬን ከፍያለሁና ለድኃ የሚቀርብኝ የለም ቢል፥ ሁለቱን ዐሥራት በስማቸው አንድነት ማደባለቁ ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 22 ለቄሣር የታዘዘው የቄሣር መልክ ያለበት ዲናር ነው፤ ዕዳ ነውና። ሐዋርያው በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 የሚያሳስበው ግን ያለ ግዴታ፥ በደስታ የሚሰጠውን ነው።

ድኃን መመገብ የካህናት ነገር ነው፥ ቤተ መንግሥትን አይመለከትም የሚል ቢኖርም የቅዱስ ባስልዮስን ሥራ ይመልከት። እርሱ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ370 ገደማ በቂሳርያ ዘቀጰዶቅያ ኤጲስ ቆጶስነት ተሾሞ፥ ከከተማው ውጭ ለድውያንና ለእንግዶች፥ ለለምጻሞችም ማረፊያ ሠራ። በዚህ ሥራ በነቀፉት ጊዜ፥ ሕንጻው መንግሥትን የሚጎዳበት ነገር እንደሌለ ለአገረ ገዢው ለኤልያስ ጻፈ። የድኆቹም ቤት ከግብር ነፃ እንዲሆን የግብር ጸሐፊውን ለመነ። ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን በጣውሮስ ተራራ ስለሚኖሩት ብረት አውጪዎች የጻፈው ነው። የብረቱ ግብር በሚችሉት መጠን እንዲሆንላቸው የለመነው ሞዴስጦስን ነበር፤ ይህም ሹም የአርዮሳዊው ንጉሥ የቫሌንስ ባለሟል ሆኖ ስለ ሃይማኖቱ ቀድሞ ያስፈራራው ሰው ነው። ግብሩ ይቅለል ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ሕዝቡ ተሰብሮ መንግሥቱን ማገልገል እንዳያቅተው ነው። አንድም ግብር ከብዶት ቤቱን የፈታ ሰው ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ወደ ድኆች ማረፊያ ነውና።