ዘግይተው የሚፈርሱ ቅንጣቶችና የመለያ ሶፍትዌሮቻቸው፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ረጅም ዕድሜ ያላቸው ቅንጣቶች የሚባሉት በከፍተኛ ኃይል ግጭት ከተፈጠሩ በኋላ ወዲያው ሳይፈርሱ፣ ከግጭቱ ነጥብ የሚለካ ርቀት ተጉዘው ወደ ሌሎች ቅንጣቶች የሚለወጡት ናቸው። የዕድሜያቸው ርዝመት የሚመዘነው በቅንጣቶች ዓለም መለኪያ ሲሆን፣ ከታወቁት መካከል ሙዎን በአማካይ የሚቆየው 2.2 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ይህም ሆኖ የጠፈር ጨረር በላይኛው አየር የሚፈጥራቸው ሙዎኖች እስከ ኩልመስክና ላሊበላ ደጋ የሚደርሱት፣ ፍጥነታቸው ለብርሃን ፍጥነት ስለሚቀርብና የአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው ዕድሜያቸው ለተመልካቹ ስለሚረዝም ነው።

በአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ በሴርን የሚገኘውና ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው ታላቁ የሃድሮን ማጋጫ የፕሮቶን ጥቅሎችን በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚያገናኝ፣ ሁሉንም መረጃ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ትሪገር የሚባለው የመምረጫ ሥርዓት የሚቀመጠውንና የሚጣለውን በቅጽበት ይወስናል። የተለመዱት ፕሮግራሞች ግን የቅንጣት ዱካዎች ሁሉ ከግጭቱ ነጥብ አጠገብ ይነሣሉ በሚል ግምት የተጻፉ በመሆናቸው፣ ርቆ የፈረሰ ቅንጣት ሳይታይ ሊጣል ይችላል። የዘርፉ ታሪክ በአመዛኙ ይህን ግምት የማረም ታሪክ ነው።

እርማቱ በብዙ አቅጣጫ ይካሄዳል። በአትላስ ሙከራ ከመነሻው ርቀው የሚጀምሩ ዱካዎችን የሚፈልገው ስልት ብዙ የኮምፒውተር ጊዜ ስለሚወስድ ቀድሞ በጥቂት መረጃ ላይ ብቻ ይሠራበት ነበር፤ ከተሻሻለ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በተጀመረው የማጋጫው ሦስተኛ የሥራ ዘመን የመደበኛው ሂደት አካል ሆነ። በዚያው ዓመት ኤልኤችሲቢ የተባለው ሙከራ የመጀመሪያውን የምርጫ ደረጃ አለን በተባለ ሶፍትዌር በግራፊክስ ፕሮሰሰሮች ላይ ማስኬድ ጀመረ። ሲኤምኤስ የተባለው ሙከራ ደግሞ ርቀው የፈረሱ የቅንጣት ጎርፎችን በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ይለያል።

ይሁን እንጂ ርቆ የተነሣ ዱካ ሁሉ የሚፈለገው አዲስ ቅንጣት ምልክት አይደለም፤ ተራ ቅንጣት ዱካዎቹን ከሚመዘግበው መሣሪያ (ዲቴክተር) ቁስ ጋር ሲጋጭ፣ ወይም የጠፈር ሙዎን ሲያልፍ ተመሳሳይ ምስል ይፈጠራል። በዚህ ምክንያት ሶፍትዌሩ የዲቴክተሩን ቁስ የሚያሳይ ካርታና የመድረሻ ሰዓት መለኪያ ይጠቀማል፤ ጂያንት4 የተባለው ማስመሰያም ቅንጣት በቁስ ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያሰላል።

ሴርን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግጭት መረጃዎችን ለሕዝብ ክፍት ያደረገ ሲሆን፣ ሩት የተባለው የመተንተኛ ሶፍትዌርም በነጻ ይገኛል። ስለዚህ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የፊዚክስ ተማሪ፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ከተሟላለት፣ ከግጭቱ ነጥብ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ፓዮን ወደሚባሉ ሁለት ቅንጣቶች የሚፈርሰውን ኬኦን የተባለ ቅንጣት በእውነተኛ መረጃ ላይ ፈልጎ ማግኘት ይችላል፤ ይህ ልምምድ በአገራችን የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።