የኮሌስትሮል ኪኒን፦ ጉዳቱንና ጥቅሙን እንዴት እንመዝን?



ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ብዙዎቻችን የቤተሰቡ "ሐኪም" እንሆናለን። የምንማረው ኢንጂነሪንግም ይሁን አካውንቲንግ፣ አባታችን የመድኃኒት ካርቶን አምጥተው "ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?" ይሉናል። እኛም ውስጡ ያለችውን ወረቀት ዘርግተን "የጡንቻ ሕመም፣ የጉበት ችግር፣ የስኳር መጨመር" እያልን እናነባለን። አባታችን ይህን ሰምተው ኪኒኑን ቢተዉትስ? ተጠያቂው ማን ነው? ወረቀቷ ጉዳቱን ትዘረዝራለች እንጂ ስንት ሰው ላይ እንደሚደርስና ሳይወስዱ ቢቀሩ ምን እንደሚመጣ ጎን ለጎን አታስቀምጥም። ስለዚህ ስታቲን ስለሚባሉት መድኃኒቶች (አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን) ይህን ሚዛን አብረን እንይ።

ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚሠራው እዚያው ሰውነታችን ውስጥ ነው፤ ጉበት ዋናው ፋብሪካ ነው። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል። ጉበትም ሲያንሰው ከደም ውስጥ ኤልዲኤል የሚባለውን፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን ኮሌስትሮል ስቦ ይወስዳል። ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲቀንስ ሃርት አታክና ስትሮክ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንሱ ብዙ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ እንዲህ ያሰላል። 10,000 ሰዎች ስታቲን ለ5 ዓመት ቢወስዱ ከባድ የጡንቻ ጉዳት 5 ሰው ላይ፣ አዲስ የስኳር በሽታ ከ50 እስከ 100 ሰው ላይ፣ ደም በመፍሰስ የሚመጣ ስትሮክ ከ5 እስከ 10 ሰው ላይ ሊያስከትል ይችላል። በሌላው በኩል ኤልዲኤላቸው በ77 ሚሊግራም ያህል ከቀነሰ፣ ቀድሞ የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም ካለባቸው 10,000 ሰዎች ውስጥ 1,000 ያህሉ ከሃርት አታክና ከመሰል አደጋ ይድናሉ። ገና ሳይታመሙ አደጋው ከፍ ያለባቸው ከሆኑ ደግሞ 500 ያህሉ ይድናሉ።

"ግን እናቴ ኪኒኑን ከጀመረች እግሯን ያማታል" የሚል አይጠፋም። ሕመሙ ውሸት አይደለም። ጥያቄው ምንጩ ምንድን ነው የሚለው ነው። በለንደን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሳምሶን የተባለ ጥናት በሕመም ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎችን ወሰደ። በ12 ወር ውስጥ 4 ወር ስታቲን፣ 4 ወር መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ኪኒን፣ 4 ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ ቆዩ፤ ስታቲኑ የቱ እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከ100 የተሰጠው የሕመም መጠን ያለ ኪኒን 8፣ በአምሳያው 15.4፣ በስታቲኑ 16.3 ሆነ። ማለትም አብዛኛው ሕመም የመጣው ኪኒን ከመዋጥና ከመጠበቅ ነው። ውጤታቸው ከተነገራቸው በኋላ ግማሾቹ መድኃኒቱን መልሰው ጀመሩ።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ይውሰድ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ከ100 ሰው 30ው የሚታመሙ ቢሆኑና መድኃኒቱ አንድ ሦስተኛውን ቢቀንስ 10 ሰው ይድናል፤ ከ100 ሰው 3 ብቻ የሚታመሙ ቢሆኑ የሚድነው 1 ነው። አንዴ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ላገኘው ሰው ሚዛኑ በግልጽ ወደ መውሰድ ያደላል። ኤልዲኤሉ 190ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰውም በዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል በወጣትነቱም ቢሆን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ትንሽ ከፍ ብሎበት ሌላ ችግር የሌለበት ወጣት ግን በአመጋገብና በእንቅስቃሴ መጀመር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቤት ስንሄድ እነዚህን እንያዝ፦

• ሕመም ከተሰማቸው በራሳቸው አያቁሙ። ሐኪሙ የጡንቻ ምርመራ በደም ሊያዝ፣ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሌላ ስታቲን ሊሞክር ይችላል።
• ከባድ የጡንቻ ድካም ከመጣና ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።
• ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ ስታቲን እንደሚወስዱ ይናገሩ። ለምሳሌ ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከሲምቫስታቲን ጋር አይወሰድም።
• እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እህት አስቀድማ ሐኪም ታማክር።
• ረመዷን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ሲምቫስታቲን ድሮውንም የማታ ኪኒን ነው፤ አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ስለሚወሰዱ ከኢፍጣር በኋላ ይመቻሉ።
• ጥቁር አዝሙድና ማር በኪኒኑ ምትክ አይቀመጡ፤ ጎን ለጎን የሚወስዱም ለሐኪሙ ይንገሩ።

በመድረሳ እንደተማርነው ዑለማዎቻችን መስለሓንና መፍሰዳን ይመዝናሉ፤ ሁለት ጉዳት ሲጋጠምም ቀላሉን ይመርጣሉ። ተወኩልም ሰበብን መተው አይደለም። ሰበቡን አድርሰን ሺፋውን ከአላህ እንጠብቃለን። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አባታችን ካርቶኑን ሲያመጡልን ወረቀቷን ብቻ አንብበን አንመልስላቸው። "መጀመሪያ ለምን እንደታዘዘልዎት ሐኪሙን አብረን እንጠይቅ" እንበላቸው።

አላህ ለወላጆቻችን ዐፊያ ይስጥልን። ወላሁ አዕለም።