ያለንና ያለብን

አንድን ሰው «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁት ይናገር ወይም ይደብቅ እንደ ሆነ እንጂ መልሱን ያውቀዋል። «ዕዳህስ ስንት ነው?» ቢሉት ግን ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ስለሚያፍር ብቻ አይደለም፤ ራሱም ደምሮ ስለማያውቀው ነው። «ያለህ ሁሉ ተሸጦ ያለብህ ሁሉ ቢከፈል ምን ይተርፍሃል?» የሚለውን ሦስተኛውን ጥያቄ ደግሞ ራሱን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የአንድ ቤት ኑሮ ወደ ፊት መራመዱን ወይም ወደ ኋላ መንሸራተቱን የሚናገረው ግን ይኸው ሦስተኛው ጥያቄ ነው።

የሒሳብ ዐዋቂዎች ይህን ቀሪ «የተጣራ ሀብት» ይሉታል። እኛ በቤታችን ቋንቋ ጥሪት ብንለው አንሳሳትም። ሥራው ካለን ላይ ያለብንን መቀነስ ብቻ ስለ ሆነ የትንሽ ልጅ ሒሳብ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣልያዊ መነኩሴና የሒሳብ መምህር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1494 በቬኒስ ከተማ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ነጋዴ መዝገብ ከመክፈቱ በፊት ከሁሉ አስቀድሞ ያለውን ንብረትና ያለበትን ዕዳ አንድ በአንድ ቆጥሮ እንዲጽፍ መክሯል። ዝርዝሩንም ዋጋቸው ከፍ ካለና በቀላሉ ከሚጠፉ ነገሮች፥ ይኸውም ከጥሬ ገንዘብና ከጌጥ እንዲጀምር አመልክቷል። ለቬኒስ ነጋዴ የተሰጠው ምክር ለአዲስ አበባ ደመወዝተኛም ይሠራል፤ ልዩነቱ በመዝገቡ ውስጥ በሚገባው ነገር ላይ ነው።

የአንድ ቤት መዝገብ

ለምሳሌ ያኽል አንድ ቤተ ሰብ በሐሳባችን እናቋቁም። ባል አስተማሪ፥ ሚስት የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። የ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ደርሷቸው ገብተውበታል፤ እንደ ስሙም ከዋጋው 20 በመቶውን ከፍለው የቀረው 80 በመቶ የባንክ ብድር ሆኖባቸዋል። በዕንቍጣጣሽ ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ደብተር ዘርግተው እንዲህ ጻፉ እንበል።

ያለን፤
በእጅና በባንክ ያለ ገንዘብ — ብር 18,000
በቁጠባና ብድር ማኅበር የተቀመጠ — ብር 42,000
ሚስት ለዕቁብ የከፈለችው (ገና ዕጣ ያልወጣላት) — ብር 21,000
ወርቅ — ብር 40,000
ቤቱ በተገዛበት ዋጋ — ብር 400,000
የቤት ዕቃ ዛሬ ቢሸጥ — ብር 29,000
ድምር — ብር 550,000

ያለብን፤
የቤቱ ብድር ቀሪ — ብር 285,000
ከቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደሩት — ብር 90,000
ባል አስቀድሞ የበላው ዕቁብ ቀሪ መዋጮ — ብር 30,000
ከዘመድ የተወሰደ — ብር 25,000
የሱቅ ዱቤ — ብር 5,000
ድምር — ብር 435,000

እንግዲህ ከ550,000 ላይ 435,000 ሲቀነስ 115,000 ብር ይቀራል። የእነዚህ ሰዎች ጥሪት ይህ ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ የቤት ዕቃው የተጻፈው በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን ዛሬ ገበያ ቢወጣ በሚያወጣው ነው። ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ከሱቅ በር እንደ ወጡ ዋጋቸው ይቀንሳልና። ዕድሩ በመዝገቡ የለም፤ ለዕድር የተከፈለ ገንዘብ ልውሰድ ቢሉት አይወሰድምና። ይሁን እንጂ በኀዘን ቀን ቤተ ሰቡን ከብድር የሚያድን ስለ ሆነ መዋጮው እንደ ኪሳራ አይቈጠርም። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ የሚከፍሉት ጡረታም ዛሬ በእጅ የሚገባ ስላልሆነ አልተጻፈም።

ስድስት ወር ካለፈ በኋላ

እነዚህ ባልና ሚስት በመስከረምና በመጋቢት መካከል ቀበቷቸውን አጥብቀው ዕዳ ሲከፍሉ ቈዩ። መጋቢት 1 ቀን የባንክ ደብተራቸውን ሲያዩት 18,000 የነበረው ወደ 11,000 ወርዷል። እዚህ ላይ ነው ጠብ የሚነሣው። «ስድስት ወር ሙሉ ልብስ ሳንለውጥ፥ አንድ ቀን እንኳ ውጪ ሳንበላ፥ ይኸው ገንዘቡ ጐደለ! የት አደረስከው?» ትላለች ሚስት። ባልም የሚመልሰው ያጣል። ቈጣቢ የሆኑ ብዙ ቤቶች ተስፋ የሚቈርጡት እንዲህ ባለው ቀን ነው። «ካልቀረልን ለምን እንራባለን?» ብለው ገንዘባቸውን መበተን ይጀምራሉ።

መዝገቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። ለቤቱ በየወሩ 3,500፥ በ6 ወር 21,000 ብር ከፍለዋል። የብድሩ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው ብንል ከዚህ ውስጥ 12,670 ያኽሉ ለወለድ ሄዶ 8,330ው ዕዳውን ቀንሷል፤ ስለዚህ 276,670 ቀርቷል። የማኅበሩ ብድር ወደ 72,000፥ የባል ዕቁብ ወደ 15,000፥ የዘመድ ገንዘብ ወደ 15,000 ወርደዋል፤ የሱቁ ዱቤ አልቋል። ጠቅላላ ዕዳው 378,670 ሆነ ማለት ነው።

በሌላ በኩል በማኅበሩ ያለው ቁጠባ 48,000፥ የሚስት ዕቁብ 39,000 ደረሰ። ወርቁና ቤቱ እንዳሉ ናቸው፤ የቤት ዕቃው አርጅቶ 26,000 ሆኗል። ከ11,000ው ጥሬ ገንዘብ ጋራ ድምሩ 564,000 ነው። ዕዳው ሲቀነስ ጥሪታቸው 185,330 ብር ሆነ። በስድስት ወር ውስጥ 70,330 ብር ጨምረዋል! ገንዘቡ የትም አልጠፋም፤ ከኪስ ወጥቶ ዕዳን እየቀነሰ ወደ ቤታቸው ገባ እንጂ። ኪስ ይህን አያሳይም፤ ደብተር ግን ያሳያል።

ዕቁብ የወጣለት ሰው ከበረ ወይ?

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እንመልከት። 20 ሰዎች በወር 3,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ አለ እንበል። በአምስተኛው ወር ዕጣው ለአንዱ ወጣና 60,000 ብር ተቀበለ። ደስታው የታወቀ ነው፤ ወዳጆቹም «አብላን» ይሉታል። ነገር ግን በዚያች ቀን የዚህ ሰው ጥሪት በአንድ ብር እንኳ አልጨመረም። ከ60,000ው ውስጥ 15,000ው እስከዚያ ወር ድረስ ራሱ የጣለው ነው፤ የቀረው 45,000 ደግሞ በሚመጡት 15 ወሮች የሚከፍለው ዕዳ ነው። ዋስ ያስጠሩትም ስለዚህ ነው።

ይህን ማለታችን ዕቁብን ለመንቀፍ አይደለም። ወለድ የማይጠይቅ፥ በጎረቤት ይሉኝታ የሚጠበቅ መልካም ልማድ ነው። ልንል የምንወደው፥ ዕጣ ያልወጣለት ሰው የጣለውን «ያለን» በሚለው በኩል፥ የወጣለት ሰው የቀረበትን «ያለብን» በሚለው በኩል ይጻፍ ነው። ብድርም እንዲሁ ነው። ከባንክ 100,000 ብር ተበድሮ የወጣ ሰው ኪሱ ከብዷል እንጂ አልከበረም።

ለተማሪዎቼ ከዜሮ በታች ላለ ቁጥር ምሳሌ ስፈልግ ዕዳን እጠቅሳለሁ፤ ቶሎ ይገባቸዋል። አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት፥ አዲስ ትዳር የያዙ ሁለት ሰዎች፥ መዝገባቸውን ቢከፍቱ ጥሪታቸው ከዜሮ በታች 80,000 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። አይደንግጡ። በዓመቱ ከዜሮ በታች 50,000 ቢሆን 30,000 ብር ወደ ላይ ወጥተዋል። ዋናው ነገር ቁጥሩ የቆመበት ቦታ ሳይሆን የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

የብሩ መለኪያ ሲለዋወጥ

በአገራችን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መለኪያው ራሱ ያጥራልና። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ባንኮች ለተራ ቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በብር ሲቈጠር የጨመረ ሀብት በእህል ሲቈጠር ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። ከጥሪቱ ቁጥር አጠገብ የዚያን ቀን የጤፍ ኩንታል ዋጋ ይጻፍ። በምሳሌያችን ኩንታሉ በመስከረም 12,000፥ በመጋቢት 14,000 ብር ነበር ብንል፥ የቤተ ሰቡ ጥሪት ከ9 ኩንታል ተኩል ገደማ ወደ 13 ኩንታል ከሩብ ገደማ አድጓል። በብር 61 በመቶ፥ በጤፍ 38 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለተኛው እውነተኛው ዕድገት ነው።

የቤቱንም ዋጋ ደላላ በነገረን ቁጥር ከፍ እያደረግን አንጻፍ። ልንኖርበት የያዝነው ቤት ዋጋው እጥፍ ቢሆን ምሳችን እጥፍ አይሆንም፤ ይልቁንም «ሚሊየነር ሆነናል» ብለን አዲስ ዕዳ እንድንገባ ይገፋፋናል።

በውጭ ገንዘብ የተገባ ዕዳ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አሜሪካ ካለ ዘመዱ 1,000 ዶላር ተበድሮ በዶላር ሊመልስ የተስማማ ሰው፥ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር የ57,000 ብር ዕዳው ከ100,000 በላይ ሆነበት።

የትኛው ዕዳ ይቅደም?

በመዝገቡ ውስጥ ከእያንዳንዱ ዕዳ አጠገብ ወለዱ ይጻፍ፤ ወለዱ የከበደውም አስቀድሞ ይከፈል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በገንዘብ ብድር ውል ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም፥ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር፥ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያዛል። አራጣ ግን ሕግ አያውቅም። በወር 10 በመቶ የተወሰደ 20,000 ብር በዓመት 24,000 ብር ወለድ ይበላል፤ ዋናው 20,000 እንዳለ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት ሰው ወርቁን ሸጦም ቢሆን ይገላገል።

የዘመድ ዕዳ ወለድ የለውም። ነገር ግን ሌላ ዋጋ ያስከፍላል፤ ባለ ዕዳው ከሰርጉም ከዝክሩም እየቀረ ዘመዱን ያጣል። ስለዚህ ትንሽ በትንሽ እየተባለም ቢሆን መከፈሉ አይቋረጥ።

አስተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለባልደረባቸው ዋስ መሆን የተለመደ ነው። ዋስትና ዛሬ ዕዳ አይደለምና ከጥሪቱ አይቀነስ፤ ነገ ግን ዕዳ ሊሆን ይችላልና በመዝገቡ ግርጌ ይጻፍ። «ዕዳ ከሜዳ» የሚባለው የሚመጣው ከዚህ ነው።

መዝገቡ የሁለት ሰው ነው

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው መደመርና መቀነሱ አይደለም፤ ማሳየቱ ነው። ባል ከጓደኛው የወሰደውን ከሚስቱ ይሰውራል፤ ሚስትም ለእናቷ ስትል የገባችውን ዕዳ ለባሏ አትነግርም። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ሰላም ለመጠበቅ መስሏቸው ነው። ሕጉ ግን መደበቁን አይቶ አይተዋቸውም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ አንደኛው ለቤተ ሰቡ ጥቅም ሲል የገባውን ዕዳ ሁለቱም በአንድነት እንዲጠየቁበት ያደርጋል። አበዳሪው በር ሲያንኳኳ የሚሰማ ዕዳ፥ በራት ሰዓት ከሚነገር ዕዳ አሥር ጊዜ ይከብዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ በዓመት አራት ቀን፥ መስከረም 1፥ ታኅሣሥ 1፥ መጋቢት 1ና ሰኔ 1፥ ልጆች ከተኙ በኋላ አንድ ሰዓት ይመደብ። አንዱ ይጥራ፥ ሌላው ይጻፍ፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ይለዋወጡ። የመጀመሪያው ቀን ማዘኑ፥ ምናልባትም መኳረፉ አይቀርም። በአራተኛው ቀን ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ሁለቱም ያዩታል፤ ዝቅ ብሎም ቢገኝ የት እንደ ፈሰሰ ሁለቱም ያውቁታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ባለ መስመር ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነው።