ሲዲ ለመገልበጥ የትኛው ፕሮግራም ያዋጣል?

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሲዲ ክምችቱን ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ለተነሳ የሙዚቃ ነጋዴ በትክክል ይሠራል።

በብስራተ ገብርኤልም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ካሴትና ሲዲ ይሸጥበት የነበረው ገበያ ወደ ፍላሽ፣ ወደ ሞባይልና ወደ ኢንተርኔት ዞሯል። በየመደርደሪያው የቀረው ሲዲ ግን የሞተ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳግም ገበያ አግኝተዋል። ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ ሲዲ ሥራዎቹን ለዓለም ሲያቀርብ ገዢ አላጣም። ይህ የሆነው ቅጂው በመትረፉ ነው።

አሁን ያለው ችግር የጊዜ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ መክተቻ የላቸውም። በኮምፒዩተር የተጻፈ ሲዲ ደግሞ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው እየተበላሸ ሄዶ መነበብ ያቆማል።

ሂሳቡ ምን ይላል?

በብስራተ ገብርኤል አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ እያንዳንዳቸው 60 ደቂቃ የሚፈጁ 500 ሲዲዎች አሉት እንበል። አንዱን በጥንቃቄ ለመገልበጥ 12 ደቂቃ ቢወስድ ጠቅላላው ሥራ 100 ሰዓት ይፈጃል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 12 ቀን ተኩል መሆኑ ነው።

ቦታን በተመለከተ የሲዲ ሙዚቃ ሳይነካ ሲቀመጥ በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ስለዚህ 500ው ሲዲ 317 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። ፍላክ በተባለው ዘዴ ሲቀመጥ፣ ድምፁ ምንም ሳይጎድል፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወርዳል። በኤምፒስሪ በ320 ኪሎቢት 72 ጊጋባይት፣ በ128 ኪሎቢት ደግሞ 29 ጊጋባይት ያህል ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 29 ጊጋባይቱ ርካሽ መስሎት በ128 የገለበጠ ሰው፣ የተቆረጠውን ድምፅ መልሶ ማግኘት አይችልም። ነገ ደንበኛ የተሻለ ጥራት ሲጠይቀው 100 ሰዓቱን እንደገና ይከፍላል፤ ያውም ሲዲው እስከዚያ ከተረፈ። በአንፃሩ አንድ ጊዜ በፍላክ ያስቀመጠ ነጋዴ ኤምፒስሪም ሆነ አዲስ ሲዲ በፈለገ ጊዜ ከዚያው ላይ ያወጣል።

ለመገልበጥ

የሙዚቃ ሲዲ እንደ ተራ ፋይል ኮፒ አይደረግም። ሲዲው ተጭሮ ማንበቢያው ያላገኘው ድምፅ ካለ፣ ክፍተቱን በግምት ሞልቶ ያልፋል። ባለቤቱም ስህተቱን የሚሰማው ምናልባት ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የጥሩ ፕሮግራም መለኪያ ፍጥነቱ ሳይሆን ያነበበው ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ሪፖርት መስጠቱ ነው።

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሚዲያ ፕሌየር ቀላል ቢሆንም እንዲህ ያለ ሪፖርት አይሰጥም። በዚህ በኩል የታወቁት ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ እና ዲቢፓወርአምፕ ናቸው። የመጀመሪያው ለግል ጥቅም ነፃ ሲሆን፣ ለንግድ የሚያውለው ሰው የፈቃድ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል። አቀማመጡም ለጀማሪ ያስቸግራል። ሁለተኛው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ክፍያ አለው፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ማክ ኮምፒዩተር ላለው ኤክስኤልዲ በነፃ ይገኛል።

ለአገራችን ነጋዴ ልዩ ማሳሰቢያ አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች የገለበጡትን የሚያረጋግጡት አኪዩሬትሪፕ በተባለ መዝገብ አማካይነት ሌሎች ሰዎች ካገኙት ውጤት ጋር በማስተያየት ነው። ማንም አስቀድሞ ያላስመዘገበው የአገር ውስጥ አልበም ከሆነ ማስተያያ አይኖርም። መፍትሔው ሲዲውን ሁለት ጊዜ አስነብቦ ውጤቱ አንድ መሆኑን ማየት ነው። የዘፈን ርዕስም ቢሆን ከኢንተርኔት ራሱ ላይመጣ ስለሚችል በእጅ መጻፍን ሂሳብ ውስጥ ማስገባት ይገባል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ርዕስ በአንዳንድ የመኪና ቴፖች ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ስለሚታይ፣ ለመኪና የሚሰጠውን ቅጂ በላቲን ፊደል መሰየም ይሻላል።

ለማሳነስና ለመጻፍ

ለኤምፒስሪ ሌም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዛሬም ተመራጭ ነው። የኤምፒስሪ የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ ሽያጭ እ.ኤ.አ. በ2017 ስላበቃ በዚያ በኩል ሥጋት የለም።

ባዶ ሲዲ ላይ ለመጻፍ፣ በተለምዶ “በርን ለማድረግ”፣ ኢምግበርን በነፃ ይበቃል። ክራክ የተደረገ ኔሮ በፍላሽ አስጭኖ ከፕሮግራሙ ጋር ቫይረስ መቀበል የማያዋጣ ንግድ ነው። ሲጻፍ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ካለቀም በኋላ በአሮጌ ማጫወቻ መሞከር ይበጃል። ባለ 80 ደቂቃ ሲዲ በተራ የሙዚቃ ሲዲ መልክ ከ80 ደቂቃ በላይ አይዝም። በኤምፒስሪ ግን በ320 ኪሎቢት አምስት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ይህን የሚያነበው ኤምፒስሪ የሚቀበል ማጫወቻ ብቻ ነው።

ሕጉ

ሶፍትዌሩ ይገለብጣል እንጂ መብት አይሰጥም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግለሰብ የሚፈቅደው ለግል መጠቀሚያው ብቻ መገልበጥን ነው። አባዝቶ መሸጥ ያስጠይቃል። ደንበኛ የራሱን ሲዲ አምጥቶ በክፍያ ሲያስገለብጥ እንኳ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ሰው ስለሆነ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይበጃል። ለዚህ አገልግሎት ሥጋት የሌለበት ደንበኛ የመብቱ ባለቤት ነው። የድሮ አልበሙን ማስተር ያጣ አሳታሚ፣ ድምፃዊ ወይም የመዝሙር ክፍል መብቱ የራሱ ከሆነ ሥራው ንጹሕ ነው።

ለመግዛትም ሆነ በነፃ ለመጫን ከመወሰንዎ በፊት በሱቅዎ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የተጫረውን ሲዲ ያንሱ። በምርጫ ላይ ባሉት ፕሮግራሞች በእያንዳንዳቸው ይገልብጡት። ስህተቱ የት ዘፈን ላይ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ የነገረዎትን ይያዙ፤ ዝም ብሎ “ተጠናቋል” ያለዎትን ይተዉት።