ፕሮፌሰር ካርል ተርዛጊ፤ መምህርነታቸውና ስለ አፈር ያስተማሩት ትምህርት

የምሕንድስና ተማሪ ስለ ሕንፃ መሠረት ሲማር አስቀድሞ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ የፕሮፌሰር ካርል ተርዛጊ ስም ነው። ዳሩ ግን ስማቸው ከቀመር ጋር ብቻ ተያይዞ ስለሚነሣ መምህርነታቸው ይዘነጋል። ይህን አጭር ጽሑፍ ያዘጋጀነው እኒህን ሊቅ ለማስታወስና ትምህርታቸው በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ለምንገኝ ተማሪዎች ምን እንደሚጠቅም ለማመልከት ነው። የዘመኑ ቁጥር ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ተርዛጊ በ1883 በፕራግ ከተማ ተወለዱ። በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ የመካኒክ ምሕንድስና ተምረው በ1904 ከተመረቁ በኋላ በግንባታ ሥራ ተሰማሩ። በዚያን ጊዜ የብረትና የድንጋይ ጥንካሬ ተለክቶ ሲሠራበት፥ ሕንፃው ሁሉ የሚያርፍበት አፈር ግን በአብዛኛው በግምትና በልማድ ይታለፍ ነበር። ይህ ነገር ስላሳሰባቸው በ1912 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ብዙ የግድብ ሥራዎችን ጎበኙ፤ ሆኖም የሚፈልጉትን መልስ ሳያገኙ ተመለሱ።

መልሱን ያገኙት በኢስታንቡል ነው። በ1916 በዚያ በሚገኘው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ ተላኩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ያን ሥራ በማጣታቸው ሮበርት ኮሌጅ ገቡ። ለምርምራቸው የሚሆን መሣሪያ ስላልነበረ ከሲጋራ ሣጥንና ኮሌጁ ከጣለው ቁሳቁስ ራሳቸው እየሠሩ አፈርን ለዓመታት መረመሩ። በ1923 ዋናውን ሐሳባቸውን አወጡ፤ በ1925 ደግሞ የአፈር ሜካኒክስ መነሻ የሆነው መጽሐፋቸው በቪየና ታተመ።

ሐሳቡም የሚከተለው ነው። አፈር ማለት ጠጣር ቅንጣቶችና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን ውሃ በሞላው የሸክላ አፈር ላይ ሕንፃ ሲሠራ፥ አዲሱን ጭነት በመጀመሪያ የሚሸከመው ውሃው ነው። ውሃው ቀስ በቀስ እየሸሸ ሲወጣ ጭነቱ ወደ ቅንጣቶቹ ይተላለፋል፤ ያን ጊዜ አፈሩ ይጨመቃል፥ ሕንፃውም ዝቅ ይላል። አሸዋ ውሃን ቶሎ ስለሚለቅ ይህ በአጭር ጊዜ ይፈጸማል፤ በሸክላ አፈር ግን ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የአፈርን ጥንካሬ የሚወስነው ጠቅላላው ግፊት አይደለም፤ ከጠቅላላው ላይ የውሃው ግፊት ተቀንሶ የሚቀረው ነው።

ለዚህም በኢጣልያ የሚገኘው የፒዛ ግንብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራው በ1173 ተጀምሮ ጥቂት ፎቅ ከወጣ በኋላ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ ከሥሩ ያለው ሸክላ ውሃውን እየለቀቀ ጠነከረ። ሥራው ሳይቋረጥ ቢቀጥል ኖሮ ግንቡ በወደቀ ነበር ብለው የዘመናችን መሐንዲሶች ያስረዳሉ።

የመምህር ሀብቱ ደቀ መዝሙሩ ነው። ተርዛጊ በ1925 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ማስተማር ሲጀምሩ፥ አርተር ካሳግራንዴ ረዳታቸው ሆኖ ሠራ፤ እሱም በ1936 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የአፈር ሜካኒክስ ጉባኤ በሃርቫርድ አዘጋጀ። ራልፍ ፔክ በቺካጎ የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ላይ ከእሳቸው ጋር ሠርቶ፥ በ1948 አብረው መጽሐፍ አሳተሙ፤ በኋላም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ተማሪ አፈራ። በአገራችንም ዓለማየሁ ተፈራና መስፍን ለይኩን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት መጽሐፍ ይህንኑ ትምህርት ለእኛ አድርሷል። ተርዛጊ በቦረና በኩል ቆላውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ዓባይንም ያውቁት ነበር፤ የአስዋን ታላቅ ግድብ አማካሪ ጉባኤ ሰብሳቢ ሆነው ቆይተው፥ ከሶቪየት መሐንዲሶች ጋር ባለመስማማታቸው በ1959 ሥራውን ለቀቁ። በጥቅምት 25 ቀን 1963 በ80 ዓመታቸው ዐረፉ።

አሁን ወደ አገራችን አፈር እንመለስ። በወሎ ደጋ ለጥ ባሉት ስፍራዎች ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ይገኛል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ምክንያቱም በውስጡ ያለው የሸክላ ማዕድን በስስ ንብርብሮቹ መካከል ውሃ ስለሚያስገባ ነው። ከከባድ ሕንፃ ይልቅ ባለ አንድ ፎቁ ቀላል ቤት የሚጎዳውም የአፈሩን እብጠት የሚቋቋም ክብደት ስለሌለው ነው። ስለዚህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባጠራቀመው ገንዘብ የሠራው ቤት በጥቂት ክረምት ግድግዳው ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አፈሩን ቆፍሮ በተመረጠ አፈር መተካት፥ ወይም መሠረቱን የወቅት እርጥበት ከማይደርስበት ጥልቀት ማውረድ፥ የጣሪያውንም ውሃ ከቤቱ ማራቅ ነው። ነገር ግን ያ ጥልቀት በእያንዳንዱ ስፍራ ስንት እንደ ሆነ ካልተለካ አይታወቅም።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ምልክት አድርጎ ርቀቱን በየወሩ በማስመሪያ መለካት፥ ከተለያየ ጥልቀት አፈር አውጥቶ ከመድረቁ በፊትና በኋላ መመዘን፥ የዝናቡንም መጠን ከዚሁ ጋር መመዝገብ ይቻላል። ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ሳይቋረጥ የተጻፈ መዝገብ ለከተማው ግንበኛ ከብዙ ግምት ይበልጣል። መምህሮቻችን ቢመሩን፥ እኛም በትዕግሥት ብንሠራ፥ በሲጋራ ሣጥን ምርምር የጀመሩትን መምህር በሚገባ አስታወስን ማለት ይሆናል።