ፈረሰኞቹ በብራና ላይ

ጃፓኖች የሳሙራይ ጦረኞቻቸውን ሥዕል ለሕዝብ ያዳረሱት በእንጨት ነው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ቀራጩ ንድፉን እንጨት ገበታ ላይ ለጥፎ መስመሩን እያስቀረ ዙሪያውን ይቦረቡራል፤ አታሚው ገበታውን ቀለም ይቀባና ከኮዞ ዛፍ ልጥ በእጅ የተሠራ ወረቀት አልብሶ ጀርባውን ያሻል። ለየቀለሙ ሌላ ገበታ ይቀረጻል። ኡታጋዋ ኩኒዮሺ (1797–1861 እ.ኤ.አ.) በጦረኛ ሥዕል ስሙ የገነነው በዚህ መንገድ ነው። ከአንድ ገበታ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ስለሚወጣ ተራው የከተማ ሰውም ገዝቶ ቤቱ ያስገባዋል።

በእኛ ዘንድ፣ በጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ግን ጦረኛ በሥዕል የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እሱም ፈረሰኛ ቅዱስ ነው። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል፤ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ከሃዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን ይጥላል። ለግድግዳ ሲሆን ጨርቅ ላይ ተሥሎ ይለጠፋል፤ ለመጽሐፍ ሲሆን ማረፊያው ብራና ነው።

ብራና ብዙውን ጊዜ ከፍየል ይወጣል። ቆዳው ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍና ጠርዙ እየተበሳ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ይወጠራል። ለስልቻ የሚሆን ቆዳ ይለፋል፤ ብራና ግን አይለፋም፤ ጽናቱን የሚያገኘው ተወጥሮ በመድረቁ ነው። ሥጋና ስብ የያዘው ወገን በስለት ይፋቃል፣ በድንጋይም ይታሻል፤ ጠጉሩ ይላጫል። ስለቱ ጥቂት ከጠለቀ ቆዳው ይበሳል። በድሮ መጻሕፍት ውስጥ ቀዳዳው ተሰፍቶ ወይም እንዳለ ተትቶ፣ ጽሕፈቱ ዙሪያውን አልፎት ሲሄድ ይታያል፤ ለትንሽ ጉድለት ሙሉ ቆዳ የሚጥል ጸሐፊ የለም። ብራናው ሲሰናዳ በወስፌ ይሰመራል፣ በመቃ ብዕር ይጻፋል። የጥቁሩ ቀለም መሠረት ጥላሸት ነው፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መክፈቻ ይቆጠባል።

ፈረሰኛውን ቀረብ ብሎ ላየው ደስ የሚል ነገር አለ። ቅዱሱ ባዶ እግሩን ነው፤ እርካቡንም የያዘው በአውራ ጣቱ ብቻ ነው፤ የአገሩ ፈረሰኛ ሲጋልብ እንደኖረው። ከቡሬ አለፍ ብሎ በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ ይጋልባል። በእንዲህ ያለ ተመልካች ፊት ልጓም ያሳሳተ ሠዓሊ ወዮለት! ክፉ ሰው ደግሞ በአንድ ዓይን፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ይሣላል፤ ሙሉ ፊት ለጻድቃን ነው።

የእንጨት ቅርጽ ሥዕል ጨርሶ አልደረሰንም ማለት ግን አይቻልም። በ1591 እ.ኤ.አ. የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ሮም ላይ ያወጣው ዐረብኛ ወንጌል በአንቶኒዮ ቴምፔስታ ንድፍ የተቀረጹ ሥዕሎች ነበሩበት። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ገባ፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን እያዩ በብራና ወንጌሎቻቸው ላይ በቀለም ሣሏቸው። ሥዕሉን ወሰዱ፤ ገበታውን ተዉት። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። አንድ ደብር አንድ ወንጌል አጽፎ ለዘመናት ሲያነበው፣ መቶ ቅጂ ለማን ይታተማል? ገበታ መቅረጹን ዓለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተማረው ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ ነው፤ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር።

በብዛቱ ለጃፓኑ ኅትመት የሚቀርበው፣ ቤተ ክርስቲያን ባትወደውም፣ ክታብ ነው። ደብተራው ጠባብ ጠባብ ብራና እየቀጠለ በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጀዋል። አናቱ ላይ መልአክ ሰይፉን መዞ ይቆማል፤ ወይም ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ ጋኔኗን ወርዝልያን ይወጋል። ሥዕሉ ከክታብ ክታብ እጅግ ስለሚመሳሰል አንድ ገበታ ያተመው ይመስላል። ባለቤቱ የሚለየው በጸሎቱ መካከል በተጻፈው ስሙ ነው፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር የፊተኛው ስም ይፋቅና የአዲሱ በቦታው ይገባል።