የመስኮቱ ብቸኛ ባለቤት

«ስታክ አደረገ» እንላለን። ትልቅ ፋይል ለመክፈት ተጭነን መስኮቱ ሲነጣ፣ የማውሱ ቀስት ቀለበት ሆኖ ሲሽከረከር፣ «ምላሽ አይሰጥም» የሚል ጽሑፍ ከላይ ብቅ ሲል ማለት ነው። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ የደከመ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ጓዳውንም ሳሎኑንም ለአንድ ክር መስጠቱ ነው።

ክር፣ ፕሮግራመሮች ትሬድ የሚሉት፣ ትእዛዞችን አንድ በአንድ እየተከተለ የሚፈጽም የሥራ መስመር ነው። የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲከፈት ዋናው ክር መስኮቱን ይረከባል። ከዚያ ወዲያ ኑሮው ወረፋ ማስተናገድ ነው፦ መልእክት ያነሣል፣ ይፈጽማል፣ ቀጣዩን ያነሣል። የኪቦርዱም፣ የማውሱም፣ «እንደገና ሳለኝ» የሚለውም ጥያቄ በዚያው ወረፋ ይመጣል። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ለአንድ ምስል የሚደርሰው 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ዋናው ክር ከባድ ሥራ ይዞ ከዘገየ ወረፋው ይቆማል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ለ5 ሰከንድ መልእክት ያላነሣን መስኮት እንደቆመ ይቆጥረዋል። ያ የነጣው መስኮት እንዲያውም የፕሮግራሙ አይደለም፤ ቢያንስ እንድንዘጋው ሲል ዊንዶውስ በቦታው የተካው ነው።

መፍትሔው ከባዱን ሥራ ለሌላ ክር ማስረከብ ነው። ለዚህ ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር የግድ አያስፈልግም፤ በአንዱም ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክሮቹን እያፈራረቀ ያሠራል።

ታዲያ ሠራተኛው ክር ውጤቱን ራሱ መስኮቱ ላይ ቢጽፍስ? አይፈቀድለትም። በጃቫ ስዊንግም፣ በኪውትም፣ በማክም ሕጉ ያው ነው፦ መስኮቱን የሚነካው የተረከበው ክር ብቻ። ጃቫ መጀመሪያ ሌላ ሐሳብ ነበራት፤ ኤደብልዩቲ የተባለው የመስኮት መሥሪያዋ ማንኛውም ክር እንዲነካው ታስቦ ነበር። የሰን ኩባንያው ግራሃም ሃሚልተን በ2004 ይህን ያልተሳካ ሕልም ሲል ጻፈበት። ምክንያቱ አቅጣጫ ነው። የእኛ ክሊክ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተነሥቶ ወደ ፕሮግራሙ ሽቅብ ይወጣል፤ የፕሮግራሙ የሥዕል ትእዛዝ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱም በሚያልፉበት እየቆለፉ ይሄዳሉ። በጠባብ ደረጃ አንዱ ሶፋ ሲያወጣ ሌላው አልጋ ሲያወርድ መሃል ላይ ቢገናኙ ማን ይመለሳል? በሙያው ዴድሎክ ይባላል፤ ከላይ ያየነው መንጣት ሥራው ሲያልቅ ይለቃል፣ ይህ ግን ቢጠብቁት አይለቅም።

ስለዚህ ሠራተኛው መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ከክሊኮቹ ጋር ተሰልፎ ተራው ሲደርስ ዋናው ክር ውጤቱን ይጽፋል። «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍም በጨዋ ደንብ ይሠራል፦ ሠራተኛውን መሃል ላይ መግደል የቆለፈውን እንደቆለፈ ማስቀረት ስለሚሆን ምልክት ይተውለታል፤ እሱም በየመሃሉ እያየ ሥራውን አስተካክሎ ያቆማል።

ጀማሪ እዚህ ድረስ በትክክል ሠርቶ አንድ ነገር ይስታል። ሚሊዮን መስመር የሚያነበው ሠራተኛ ለእያንዳንዱ መስመር «ጨረስኩ» ብሎ ከላከ ወረፋው በሪፖርት ይጥለቀለቃል፣ መስኮቱም ዳግም ይነጣል። ልምድ ያለው ሰው በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ብቻ እንዲናገር ያደርገዋል።